የእማማ ቢታንያ አልጋ

ወንዙ የሚለቀቀው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት ቀበና ከላይ ከግድቡ ኋላ ታጉሮ ያድራል፤ ከታች የሚታየው ታጥቦ የደረቀ ድንጋይ ብቻ ነው። ሦስት ሰዓት ሲሞላ ውሃው ይመጣል። ጥሩ ውሃ ነው፤ ሽታ የለውም፣ ጠጠሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ መልሶ ይዘጋል። በመካከሉ በወንዙ ዳር የተሰለፉት ጥንታዊ ቤቶች ለጎብኚ ክፍት ስለሆኑ፣ ነዋሪው ሁሉ ውሃው ከመምጣቱ በፊት ቤቱን ወደ መነሻው፣ ወደ ተመዘገበበት ቀን መልክ፣ መልሶ፣ ራሱም በመነሻው ቦታ ላይ መገኘት አለበት።

ኢዮስያስ ከሰፈሩ ሁሉ ቀድሞ የሚነሳው በአልጋ ምክንያት ነው። የእናቱ አልጋ የድሮ የብረት አልጋ ነው፤ ባለ ሽቦ፣ በአራቱም ማዕዘን የነሐስ ጉልላት ያለው፣ አንድ ሰው ብቻውን የማያነሳው። በየማለዳው እናቱን ያነሳና በረንዳው ላይ ካለው ወንበራቸው ያስቀምጣቸዋል። ከዚያ ፍራሹን ይጠቀልላል፣ ብሎኑን ይፈታል፤ ከጎረቤቱ ከእትዬ ሄራን ጋር አንዱ ራስጌውን ሌላው ግርጌውን ይዘው በጓሮ በኩል ወደ እትዬ ሄራን ቤት ያሻግሩታል። በአልጋው ቦታ የእትዬ ሄራን ባለ አበባ ሶፋ ይገባል። ማታ ሶፋው ይወጣል፣ አልጋው ይመለሳል። ይህን ሲያደርጉ ዓመታት አልፈዋል። እሱን ወገቡን ያመዋል፣ እሳቸውን ጉልበታቸውን።

ያን ቀን ጠዋት እማማ ቢታንያ አልነሳ አሉ።

«እማ፣ ተነሺ እንጂ፤ ሊደርስ ነው።»

«ማን ነው የሚደርሰው?»

«ውሃው ነዋ።»

«ይምጣ፣ እኔ ምን አገባኝ» አሉ ዐይናቸውን ሳይገልጡ። «ድሮስ ጠርተነው ነበር የሚመጣው?»

ነገር ማሳመር ልማዳቸው ስለሆነ ኢዮስያስ ፈገግ አለ። ብብታቸው ሥር ገብቶ ሲያነሳቸው ግን አቃሰቱ። በዕድሜው እናቱ ሲያቃስቱ ሰምቶ አያውቅም። ቢሆንም አነሳቸው፤ ምን ያድርግ? በረንዳው ላይ አስቀመጣቸው፣ ወደ ፊት እንዳይደፉም ወገባቸውን በነጠላ ከወንበሩ መደገፊያ ጋር አሰረ። ከዚያ የቆሎውን ትሪ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። የሱ መነሻ ይህ ነው፤ ትሪ ይዞ በሩ ላይ መቆም። ቀኑን ሙሉ የእናቱን ጀርባ ሲያይ ዋለ። ጎብኚዎች ከታች እጃቸውን እያውለበለቡ ሲያልፉ፣ መልሶ መውለብለብ የነበረበት የእማማ ቢታንያ እጅ ከጭናቸው አልተነሳም። ጣሪያው ሥር ሆኖ ቤቱ ከመነሻው አለመራቁን የሚከታተለው የመስታወት ዐይን ከቀትር በኋላ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ተለወጠ።

ሐኪሙ ማታ መጣ። ብዙም አልቆየም። «የሚደረግ ነገር የለም። አልጋቸው ላይ ይረፉ፤ አታንቀሳቅሷቸው» አለና የሕመም ማስታገሻ ሰጥቶ ሄደ።

እማማ ቢታንያ ሰምተዋል። «ሰማህ አይደል?» አሉት። «እዚሁ አልጋዬ ላይ፣ እዚሁ ቤቴ ውስጥ። አንተንም እዚህ አልጋ ላይ ነው የወለድኩህ። ከዚህ እንዳታወጣኝ፣ ኢዮስዬ።»

«አላወጣሽም» አለ። ሲናገረው ቀላል ነበር።

ቤቱ ታሪክ ያለው ቤት ነው። ከታች ድንጋይ፣ ከላይ እንጨት፤ በረንዳውን የእንጨት ዳንቴል ከቦታል፣ ደረጃው በውጭ ነው። በጥንት ዘመን አንድ ሀብታም ነጋዴ ከባሕር ማዶ በመጡ አናጢዎች አሠርቶት፣ ልጆቹ ኖረውበት፣ ከዚያ ዐዋጅ መጥቶ የመንግሥት ሆነ። ቀበሌው በኮምፔርሳቶ ሸንሽኖ ለአምስት አባወራ አደለው። ለእማማ ቢታንያ አያት የደረሳቸው የላይኛው ሳሎን ነበር። በዚያች አንድ ክፍል ተወልዷል፣ ተድሯል፣ ተለቅሷል፤ አልጋውም ከሳሎኑ መካከል ወጥቶ አያውቅም ነበር። ወንዙ ያኔ ይሸት ነበር፤ ክረምት በመጣ ቁጥርም ከታች ያሉትን ጎጆዎች እየጠራረገ ይወስድ ነበር። ኋላ ከተማው ወንዝ ዳሩን ማስዋብ ሲጀምር ድልድዩ ሥር ልብስ የሚያጥቡት፣ ዳርዳሩን ጎመን የሚያበቅሉት፣ በጎጆዎቹ የሚኖሩት ሁሉ ተነሡ። በቅርስነት የተመረጡት ቤቶች ብቻ ቀሩ። እነዚህን የሚጠብቅ «የወንዝ ዳር አደራ» የሚባል መሥሪያ ቤት ተቋቋመና፣ ቤት ያለ ሰው ሬሳ ነው፣ ቅርሱ የሚጠበቀው ከነነዋሪው ነው ተብሎ ተወሰነ። ሰፈሩ በደስታ አጨበጨበ። ኢዮስያስም መዳፉ እስኪቀላ አጨብጭቧል።

ከዚያ የመነሻው ቀን መጣ። አደራዎቹ እያንዳንዱን ቤት ከነዕቃው ከነሰዉ መዝግበው፣ ከዚያ ወዲያ ቤቱ ያችን ቀን መስሎ እንዲኖር ነበር ሐሳቡ። ደጋግመው አስጠንቅቀዋል። «እንዳላችሁ ሁኑ። ምንም አታሰናዱ፣ ምንም አትደብቁ።»

ይህንን እንግዳ ለሚጠብቅ የአዲስ አበባ ሰው መንገር ነው እንግዲህ! ሰፈሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲታጠብ፣ ሲጠረግ፣ ሲዋዋስ አደረ። የተላጠው ግድግዳ በምንጣፍ ተሸፈነ፣ የተቀደደው ምንጣፍ በቁምሳጥን። መጋረጃ ያለው መጋረጃ ለሌለው አዋሰ። ማነው ደግሞ የአደራን ሰዎች አልጋ ባለበት ሳሎን የሚቀበል? ኢዮስያስና እናቱ አልጋውን ፈተው በጓሮ ወደ እትዬ ሄራን ቤት ደበቁና የእሳቸውን ባለ አበባ ሶፋ አስገቡ። ገበናን መሸፈን ነውር ነው ያለ ማንም አልነበረም። «እንግዶቹ ሲሄዱ ትመልሱልኛላችሁ» ብለው እትዬ ሄራን ቀበና ማዶ ለቅሶ ሄዱ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። መነሻውም የያዘውን አልለቀቀም። ሶፋው የእማማ ቢታንያ ቤት ቅርስ ሆነ። አልጋው የእትዬ ሄራን ቤት ቅርስ ሆነ፤ እዚያ ከራሳቸው አልጋ ጋር ተጣብቆ ስለተገኘ ለጎብኚ የሚተርከው የቤቱ ድምፅ «ሰፊ ቤተሰብ ይኖርበት ነበር» ይላል። በእማማ ቢታንያ ቤት ደግሞ «ይህ ክፍል ለእንግዳ መቀበያ ብቻ ያገለግል ነበር፤ ሰው ተኝቶበት አያውቅም» ይላል። እትዬ ሄራን ራሳቸው ለቅሶ ላይ ስለነበሩ በየትኛውም ቤት መነሻ ውስጥ የሉም፤ ስለዚህ ቀን ቀን ከጓዳና ከጓሮ አይወጡም። ሁለት ቤት አልፎ ያሉት ባልና ሚስት በዚያ ቀን ተኳርፈው ነበርና እስከ ዛሬ ጀርባና ጀርባ ሆነው ይቀመጣሉ፤ ማታ ግን ሲሳሳቁ ይሰማል። ያኔ እርጉዝ የነበረችው ልጃቸው ሆዷ ላይ ትራስ አስራ ትውላለች፤ የወለደችው ልጅ ትምህርት ቤት ገብቷል።

ከመነሻው የራቀ ቤት ቅጣት የለበትም። ቤተሰብ ይቀየርለታል እንጂ። የወፍጮ ቤቱ ቤተሰብ የተቀየረው አምና ነው። አዲሱ ባለ ወፍጮ ከቀድሞው ጋር በጣም ስለሚመሳሰል ጎብኚው ልዩነቱን አላወቀም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሰፈሩም በቀድሞው ስም ይጠራው ጀመር።

በማግስቱ እማማ ቢታንያ እንደገና ታስረው ዋሉ። እንዴት እንደዋሉ ኢዮስያስ ማስታወስ አይፈልግም። ወንዙ እንደተዘጋ አልጋቸው ላይ አስተኝቷቸው፣ እትዬ ሄራንን አጠገባቸው አስቀምጦ፣ እየሮጠ ወደ አደራ ቢሮ ሄደ።

የእነሱን ረድፍ የምትከታተለው አስካለ ትባላለች። የቅድመ አያቶች ስም እንደገና ፋሽን በሆነበት ሰሞን የተወለደች ወጣት ናት። ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ ተቀበለችው።

«ጋሽ ኢዮስያስ፣ ይቀመጡ። እማማ ዛሬም እጃቸውን አላነሡም፤ ምነው ደህና አይደሉም?»

«ልትሞት ነው» አለ።

አስካለ አዘነች። ሐዘኗ የእውነት ነበር፤ ዐይኗ ውሃ ሞላ። ኢዮስያስን የጨነቀውም ይኸው ነው፤ ክፉ ሰው ብትሆን ይሻለው ነበር።

«ምን ላግዝዎት?»

«አልጋዋን። ቀን ቀን አልጋዋ እንዳይወጣብኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«በመነሻው እኮ አልጋ የለም፣ ጋሼ።»

«እኛው ነን የደበቅነው! ቤታችሁ እንግዳ ይመጣል ስትሉን፣ ሳሎን ውስጥ አልጋ ሲያዩ ምን ይሉናል ብለን…»

«ይገባኛል። እናቴም እንግዳ ሲመጣ ፍራሽ ትደብቃለች።» ሳቅ አመለጣትና ወዲያው ዋጠችው። «ግን እያንዳንዱ ቤት ተነሥቶ ያ ቀን እኔን አይመስልም ቢል ምን ይቀራል? ያስቡት እስቲ።»

«አንቺ ልጅ፣ ሰው የማይተኛበት ቤት አለ?»

«የለም።»

«እና?»

አስካለ አማራጭ ታቀርብለት ጀመር። ከኮረብታው ማዶ ማረፊያ ቤት አለ፤ ንጹሕ ነው፣ ወንዙም በመስኮት ይታያል። እምቢ አለ። እሷን ከአልጋዋ ጋር እትዬ ሄራን ቤት ላስተኛትስ ብሎ ጠየቀ። ያም አይሆንም፤ አልጋው እዚያ ሲመዘገብ ተነጥፎ ባዶ ነበር፤ ሰው ቢተኛበት የሁለት ቤት መነሻ ይበላሻል። እማማን በወንበራቸው ላይ ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ግን በነጻ ይሰጣል፤ እጅም ያነሳል።

«እጅ ያነሳል?»

«የሳቸውን እጅ። ቀስ አድርጎ ነው፣ አያምም።»

ኢዮስያስ ተነሥቶ ቆመ። ለመሳደብ አፉን ከፈተና የሚሳደበው ሰው አጣ። አስካለ በር ድረስ ሸኘችው። «ማሻሻያ ልጠይቅልዎ» አለችው። «እስካሁን ተፈቅዶ አያውቅም። ግን ልጠይቅልዎ፤ እግዜር ያውቃል።»

በነጋታው እትዬ ሄራን እንደ ወትሮው ነጠላቸውን አደግድገው፣ ሶፋውን ጓሮ ድረስ ጎትተው መጡ። ኢዮስያስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ብሎን መፍቻው መሬት ላይ ነው።

«ና እንጂ፣ ራስጌውን ያዝ።»

«ተዪው፣ እትዬ ሄራን።»

«ምን ማለት ነው ተዪው? ሊለቀቅ እኮ ነው!»

«ይለቀቅ። አልፈታውም።»

እትዬ ሄራን እማማ ቢታንያን አዩ። እማማ ቢታንያ አፋቸውን ገርበብ አድርገው፣ ትንፋሻቸው እየቆራረጠ ተኝተዋል። «ኢዮስ፣ እንዳታስቀይረን» አሉ ቀስ ብለው። «ባለ ወፍጮውን አስበው። ቤቱን ተነጥቀህ የት ልትወስዳት ነው?»

«አላውቅም። ዛሬ ግን ከዚህ አትነሳም።»

እትዬ ሄራን ሊከራከሩ አሰቡና ተዉት። የጓደኛቸውን ግንባር ሳሙ። «በል እንግዲህ፣ ሳይደግስ አይጣላም» አሉና ወደ ጓዳ ገቡ።

ውሃው መጣ። ጣሪያው ሥር ያለው ዐይን መጀመሪያ ቢጫ፣ ወዲያው ቀይ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ጎብኚዎች እየተንጫጩ ደረጃውን ወጡ፤ በሩ ላይ ቆሎ የያዘውን ሰው ጠብቀው ነበር፤ ያገኙት የምትሞት አሮጊትና አጠገቧ የተንበረከከ ልጇን ነው። ጫጫታው ቀጥ አለ። አንዱ ኮፍያውን አወለቀ። አንዲት ሴት አፏን በእጇ ያዘች። የቤቱ ድምፅ «በዚህ ክፍል ሰው ተኝቶበት አያውቅም» እያለ ቀጠለ፤ የሚሰማው ግን አልነበረም። ኢዮስያስ ጀርባውን ሰጥቷቸው የእናቱን እጅ ይዞ፣ በደረጃው ላይ የአደራዎቹ የእግር ኮቴ እስኪሰማ ይጠብቃል።

ኮቴው መጣ። ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አስካለ ከፊት ናት። ሮጣ ኖሮ ታለከልካለች። ኢዮስያስ የአልጋውን ብረት በሁለት እጁ ጨመቀ።

«ጋሼ!» አለች። «እንኳን ደስ አለዎት! ተፈቀደ!»

አልገባውም።

«ማሻሻያው ተፈቀደ። አላዩአቸውም እንዴ ጎብኚዎቹን? ገብቶ የወጣ የለም፣ ሁሉም እንደቆመ ነው። አለቆቻችን ከላይ ሆነው አይተው፣ እውነተኛ ታሪክ ማለት ይህ ነው አሉ። አልጋው ይቆያል። አሁኑኑ አዲስ መነሻ እንወስድልዎታለን።»

«አልጋው… ይቆያል?»

«ለዘለዓለም ይቆያል። በሉ፣ እንዳላችሁ ሁኑ።»

በዚህኛው ጊዜ በእርግጥም እንዳሉ ሆኑ። የሚደበቅ አልነበረም፣ የተዋሱት ዕቃም የለም። እማማ ቢታንያ በራሳቸው አልጋ ላይ በጎናቸው ተኝተው፣ ልጃቸው መሬት ላይ ተንበርክኮ እጃቸውን ይዞ ነበር። ዕንባውን ሊያቆመው አልቻለም፤ የደስታም ነበር፣ የሐዘንም። አደራዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ዐይኑ ወደ አረንጓዴ ሲመለስ ኢዮስያስ ተነሥቶ አስካለን እጅ ነሣ። «እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ልጄ። እንደኔ የጨነቀሽ ቀን የሚደርስልሽ አይጥፋ» አላት። አስካለም አለቀሰች።

የእትዬ ሄራን ሶፋ ያን ዕለት ቤት አልባ ሆነ። በእማማ ቢታንያ ቤት ከእንግዲህ የለም፤ በእትዬ ሄራን ቤትም መነሻው ላይ አልነበረም። አደራዎቹ ጭነው ወሰዱትና በምትኩ ለእትዬ ሄራን ቤት የእማማ ቢታንያን አልጋ የሚመስል አዲስ አልጋ አመጡ። «አርባ ዓመት የተቀመጥኩበት ነበር» አሉ እትዬ ሄራን፣ ግን ቅር ያላቸው አይመስሉም። ጓደኛቸው መተኛታቸው በልጦባቸዋል።

እማማ ቢታንያ ጥቂት ቀናት ቆዩ። ጥሩ ቀናት ነበሩ። ብሎን የሚፈታ የለም፣ ወገባቸውን የሚያስር የለም። ኢዮስያስ ከሦስት እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት እጃቸውን ይዞ መንበርከክ ነበረበት፤ ማንም ባያዝዘውስ ሌላ ምን ሊያደርግ ነበር? ጎብኚ በገፍ ይመጣ ጀመር። ሰልፉ ድልድዩን ተሻግሮ ይሄዳል፤ እየገቡ፣ እያዩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይወጣሉ።

አንድ ቀን እማማ ቢታንያ ዐይናቸውን ገለጡና ክፍሉን የሞላውን ሰው ቃኙ። «ይሄ ሁሉ ሰው ምን ሆኖ ነው?»

«ሊጠይቅሽ ነው፣ እማ።»

«እንደው ሁሉም በባዶ እጁ?» አሉ። «ብርቱካን እንኳ የያዘ የለ።»

ኢዮስያስ ሳቁን ለማፈን ፊቱን ፍራሹ ላይ ደፋ። ጎብኚዎቹ የሚያለቅስ መሰላቸውና አብረው ዐይናቸውን ጠረጉ። እማማ ቢታንያ ከዚያ በኋላ ብዙም አልተናገሩም።

የሞቱት ንጋት ላይ ነው፣ ወንዙ ሳይለቀቅ። በአልጋቸው፣ በቤታቸው፣ እጃቸው በልጃቸው እጅ ውስጥ እንዳለ። ኢዮስያስ ቃሉን ጠብቋል። እትዬ ሄራን ከጓዳ ሮጠው መጥተው «ቢታንዬ!» ብለው ጮኹና ጣሪያው ሥር ያለው ዐይን ከውሃው ቀድሞ ነቅቶ ቢጫ ሲሆን ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ። መነሻው ውስጥ ጩኸት የለም።

አደራዎቹ ፈጣኖች ነበሩ፤ ይህን ማንም አይነሳቸውም። በጓሮ በኩል ንጹሕ ሠረገላ አቁመው፣ ካህን ጠርተው፣ ጉድጓዱን አስቆፍረው ነበር። ቀብር ማለዳ! ሰው የሚቀበረው ዘመድ ተጠርቶ፣ እድርተኛው ተሰብስቦ፣ ከቀትር በኋላ ነው። ግን ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ማለቅ ነበረበት። ባልና ሚስቱ አልመጡም፤ ጀርባና ጀርባ ሆነው መቀመጥ ነበረባቸው። ልጃቸውም ትራሷን ታስር ነበር። እድሩ ለቀብር የሚያሰልፈው ሰፈር በሙሉ ለመነሻው እየተሰናዳ ስለነበር፣ አስከሬኑን የተሸከሙት ኢዮስያስ፣ ከወንዝ ዳሩ ውጭ የሚኖሩት የቀድሞው የእድር ዳኛ ጋሽ ናትናኤልና ሁለት የአደራ ሠራተኞች ናቸው። ጋሽ ናትናኤል የመጨረሻውን አፈር በእጃቸው አለበሱና «ድንኳኑ የት ነው የሚተከለው?» ብለው ጠየቁ።

ከቀብር ሲመለሱ እትዬ ሄራን በጓሮው በር ላይ ውሃ አፈሰሱለት፣ እጁን ታጠበ። አስካለ ጥቁር ለብሳ እዚያው ቆማ ነበር። ጥቁር መልበሷን አየና ልቡ ትንሽ ሞቅ አለ።

«ድንኳን በጓሮም ቢሆን ይፈቀድልን» አላት። «ሦስት ቀን ብቻ። ሰው ይምጣ፣ ላልቅስላት። ከዚያ ያላችሁትን አደርጋለሁ።»

አስካለ መሬት መሬት አየች። «ጋሼ… ለቅሶ አይቻልም።»

«ለምን?»

«በመነሻው እማማ አልሞቱም።»

ውሃው በሩቅ መምጣት ጀምሮ ነበር፤ ድንጋይ ለድንጋይ ሲያልፍ ይሰማል።

«አሁን ቀብሬያት መጣሁ እኮ» አለ ኢዮስያስ።

«አውቃለሁ።»

«አንቺም አይተሻል።»

«አይቻለሁ፣ ጋሼ። አዲሱ መነሻ ግን እማማን ታመው ተኝተው፣ እርስዎን እጃቸውን ይዘው ነው የሚያውቃችሁ። የጠየቁት አልጋ ነበር…» አልጨረሰችውም። አልጋው ባዶ ሊሆን እንደማይችል፣ አደራው የምትተኛ ሴት እንዳዘጋጀ፣ ጥሩ ሴት እንደሆነች፣ ጠረኗም እንዳይከብደው ተመርጣ እንደመጣች ነገረችው። የለቅሶ ፈቃድ ጥያቄውንም ዛሬውኑ ወደ ላይ ትልካለች። ምናልባት።

«ማን ነው ቢታንያ አልጋ ላይ የሚተኛው?» አሉ እትዬ ሄራን።

«እትዬ፣ እርስዎ መነሻው ውስጥ የሉም፤ ስለዚህ…»

«ስለሌለሁማ ነው! የሌለ ሰው የትም ይተኛል።» ጫማቸውን አወለቁ። «የማላውቃት ሴት እሷ አልጋ ላይ አትተኛም። እኔ እተኛለሁ።»

አስካለ ኢዮስያስን አየችው። ጥሎ መሄድ ይችል ነበር፤ በሩ አልተዘጋም፣ የሚይዘውም የለም። ግን ለቅሶዋን ሳይቀመጥላት ከእናቱ ቤት ወዴት ይሄዳል? ደግሞ እዚህ ሆኖ ካልጠበቀ ፈቃዱ ቢመጣ ማን ይቀበለዋል? ፈቃድ አንድ ጊዜ ተገኝቷል፤ ሁለተኛ የማይገኝበት ምክንያት የለም ብሎ አሰበ። ራሱን ሲያታልል ራሱን ይሰማዋል፤ ቢሆንም ወደ ቤት ገባ።

እትዬ ሄራን በጎናቸው ተኙ። የእማማ ቢታንያን ሻሽ አሰሩ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳቡ። ፍራሹ ላይ የእናቱ ገላ ያጎደጎደው ቦታ ገና አልሞላም ነበር። ኢዮስያስ ተንበረከከና እጃቸውን ያዘ። ወፍራም እጅ ነው፤ የእናቱ እጅ ቀጭን ነበር። ዐይኑ ጥቂት አመነታና አረንጓዴ ሆነ።

ሰልፉ ገባ። የቤቱ ድምፅ በአዲሱ ቃል ተናገረ። «ልጅ ታማሚ እናቱን ያስታምማል። በዚያ ዘመን ሰው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ አልጋው ይታመም ነበር።» ሰው ገባ፣ አየ፣ ወጣ። የኢዮስያስ ዕንባ ሳይቋረጥ ይወርድ ነበር፤ ትላንትና ከትላንት በስቲያ ሲወርድ ከነበረው ማንም አልለየውም። እትዬ ሄራንም ዐይናቸውን ጨፍነው በጸጥታ ያለቅሳሉ፤ ትከሻቸው እንዳይንቀጠቀጥ ጥርሳቸውን ነክሰዋል።

ከቀትር በኋላ ከሰልፉ መካከል ጋሽ ናትናኤል ብቅ አሉ። ትኬት ቆርጠው ነው የመጡት፤ ሌላ መግቢያ የለም። ከኋላቸው የድሮ እድርተኞች አሉ፤ ከተማው ዳር ከተበተኑበት ተጠራርተው፣ ነጠላቸውን እንደ ለቀስተኛ ሳያዘቀዝቁ፣ እንደ ጎብኚ ተራ ጠብቀው የመጡ። አንድ በአንድ አልጋው አጠገብ እየቆሙ፣ ጣሪያውን ሰረቅ አድርገው እያዩ፣ ደረታቸውን ሳይመቱ፣ የሟቿን ስም ሳይጠሩ አለፉ። ጋሽ ናትናኤል ግን አልቻሉም፤ ቆሙ። ጥፍራቸው ሥር የጠዋቱ አፈር ነበር። ከንፈራቸው ሊናገር የመጣውን ቃል ሁለት ጊዜ መለሰ። ለቅሶ ደራሽ የሚለውን «እግዜር ያጽናህ» ነበር ሊሉ የፈለጉት፤ ያ ቃል በዚህ ቤት መነሻ ውስጥ የለም። ጎንበስ ብለው እጃቸውን ኢዮስያስ ትከሻ ላይ አሳረፉ።

«እግዚአብሔር ይማርልህ» አሉት።

ኢዮስያስ ቀና ብሎ አያቸው። ክፍሉ በሙሉ መልሱን ይጠብቃል።

«አሜን» አለ።